ቁጥሩ ከየት መጣ? የአፈር ቁፋሮ መዝገብን ስለ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1913 መጸው ላይ በካናዳ፣ ከዊኒፔግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ትራንስኮና አዲስ የተሠራ ግዙፍ የእህል ጎተራ ስንዴ መቀበል ጀመረ። አንድ ሚሊዮን ቡሽል (የእህል መስፈሪያ) እንዲይዝ የታሰበ፣ 65 የኮንክሪት ሲሎዎችን ያቀፈ፣ ከ23 ሜትር በላይ ወርድና 59 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አንድ ወጥ የኮንክሪት መሠረት ላይ የቆመ ሕንፃ ነበር። ወደ 875 ሺህ ቡሽል ገደማ እንደ ተሞላ፣ ኦክቶበር 18 ቀን መስመጥ ጀመረ። በመጀመሪያዋ ሰዓት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ። ቀጥሎ ወደ አንድ ጎን መዝመም ያዘ፤ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥም 27 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ቆመ። ኮንክሪቱ ራሱ ብዙም ጉዳት አልደረሰበትም። ጉድለቱ ከሕንፃው በታች ነበር።

ሠሪዎቹ መሬቱን ሳይመረምሩ አልጀመሩም። መሠረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከቆፈሩ በኋላ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ክብደት እየጫኑ የአፈሩን አቅም ለክተዋል፤ ልኬቱም አፈሩ ከታሰበው ጭነት በላይ እንደሚችል አሳይቷቸዋል። ልኬቱ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም የለካው ከላይ ያለውን ጠንካራ ሸክላ ብቻ ነው። ጫና ወደ መሬት የሚጠልቀው በተጫነው ነገር ስፋት ልክ ነው፤ በግርድፉ ሲሰላ የመሠረቱን ወርድ እጥፍ ያህል ጥልቀት ድረስ ጎልቶ ይሰማል። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ የሚፈትነው ከግማሽ ሜትር ብዙም የማይዘልቅ አፈር ሲሆን፣ 23 ሜትር ወርድ ያለው ጎተራ ግን እስከ አለቱ ድረስ የተኛውን አፈር ሁሉ ይጫናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ራልፍ ፔክ የተባሉት ታዋቂ የአፈር መሐንዲስ ከባልደረባቸው ጋር በቦታው ጉድጓድ አስቆፍረው ናሙና ሲያስወጡ፣ ከጠንካራው ሸክላ ሥር ለስላሳና ደካማ ሸክላ ተኝቶ ተገኘ። ጎተራው ያን ጊዜ ከሥሩ እስከ አለቱ በወረዱ ምሰሶዎች ተደግፎና ቀንቶ ወደ ሥራው ከተመለሰ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

በአፈር ምሕንድስና ትምህርት ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጠለቅ ብሎ መቆፈር እንደሚገባ ለማሳየት ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የሚከብድ ነገር ይዟል። በትራንስኮና የተገኘው ቁጥር ትክክለኛ ነበር፤ ያሳሳተው ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚናገር ያልተጠየቀ መሆኑ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ፎቅ የሚያሠራ ሰው የአፈር ምርመራ ሪፖርት ያስወጣል፤ ለግንባታ ፈቃድ ስለሚጠየቅ ግድ ነው። ሪፖርቱ በእጁ ሲገባ ገጾቹን አልፎ ወደ መጨረሻው ይሄዳል፤ እዚያም "የሚፈቀደው የመሸከም አቅም ይህን ያህል ኪሎ ፓስካል ነው" የሚል አንድ መስመር ያገኛል። ከዚያ በፊት ያሉት በሠንጠረዥ፣ በነጥብና በሰረዝ የተሞሉት የቁፋሮ መዝገቦች፣ ባለሙያዎች "ሎግ" የሚሏቸው ገጾች፣ እንደ አባሪ ወረቀት ይታለፋሉ። እኔ የምለው ባለቤቱ ገንዘቡን የከፈለው በዋናነት ለእነዚያ ገጾች ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ከእነርሱ የተጨመቀች የአንድ ሰው ፍርድ ናት፤ ፍርዱ የቆመባቸው ማስረጃዎች ያሉት በመዝገቡ ውስጥ ነው፤ ማስረጃዎቹ ደግሞ እንዴት እንደተገኙ ካልታወቀ ምንም አይናገሩም።

መዝገቡ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የጥልቀት መለኪያ አለ፤ በጎኑ ያጋጠመው አፈር ዓይነት ይገለጻል፦ ጥቁር ሸክላ፣ ቡናማ ደለል፣ የበሰበሰ ባዛልት። ናሙና የተወሰደበት ጥልቀት፣ የከርሰ ምድር ውሃ የታየበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የቆፋሪውና የመዝጋቢው ስም ይሰፍራሉ። መካከል ላይ ደግሞ ሁሉም ዓይኑን የሚጥልበት አምድ አለ፤ እርሱም ኤስ.ፒ.ቲ. በሚባለው ሙከራ የተገኘው ኤን የተባለ ቁጥር ነው። ሙከራው በአሠራሩ ጥንታዊ ይመስላል። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ 51 ሚሊ ሜትር የውጭ ስፋት ያለውን ወፍራም ቱቦ በጉድጓዱ ወለል ላይ ይመታዋል። ቱቦው 45 ሴንቲ ሜትር እስኪገባ ድረስ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ የምቱ ብዛት ይቆጠራል። የመጀመሪያው 15 ሴንቲ ሜትር በቁፋሮው የተረበሸ አፈር ስለሚሆን ይተዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ተደምረው ኤን ይሆናሉ። 4፣ 7፣ 9 ተብሎ ከተጻፈ ኤን 16 ነው። ቱቦን በመዶሻ እየመቱ ናሙና የማውጣት ልማድ የተጀመረው በአሜሪካ ቦስተን በ1902 ገደማ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲሠራጭ ያደረጉት ደግሞ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የአፈር መሐንዲሶቹ ካርል ቴርዛጊና ከላይ የተጠቀሱት ፔክ ናቸው። የዕድሜው ርዝመት የሚያስገርም አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ በየትኛውም አገር ይሠራል፣ ከቁጥሩም ጋር ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚዳስሰው አፈር ይዞ ይወጣል።

ሆኖም ኤን የአፈሩ ባሕርይ ብቻ አይደለም። መዶሻው፣ ገመዱ፣ ዘንጉ፣ የሠራተኛው ክንድ ሁሉ በውስጡ አሉ። መዶሻው ያለ አንዳች ሳንካ በነፃ ቢወድቅ የሚያስተላልፈው ጉልበት 100 በመቶ ይባላል። በተግባር ግን ይህን የሚያደርስ መሣሪያ የለም። በሚሽከረከር ከበሮ ላይ በተጠመጠመ ገመድ እየተጎተተ የሚለቀቅ አሮጌ መዶሻ 45 በመቶ አካባቢ ብቻ ሊያደርስ ይችላል፤ ራሱን የሚለቅ አውቶማቲክ መዶሻ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ያደርሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ቁጥሩን ወደ 60 በመቶ አስተካክለው ማንበብን ደንብ አደረጉ። ለውጡ የሚናቅ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ኤን 18 ተጽፎ መዶሻው 45 በመቶ ብቻ የሚያደርስ ከነበረ፣ የተስተካከለው ቁጥር 13.5 ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን ደንቦች ተከትላ ባወጣችው የሕንፃ ደረጃ መሠረት፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል ቦታዎች በዓይነት የሚከፈሉት በከፊል በዚህ ቁጥር ነው፤ ከ15 እስከ 50 ያለው በአንድ ምድብ፣ ከ15 በታች ያለው በሌላ፣ በደካማው ምድብ ይገባል። እንግዲህ አንድ የመዶሻ ዓይነት አለመመዝገቡ ሕንፃው የሚነደፍበትን የመንቀጥቀጥ ጫና ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ተከታታይ ርዕደ መሬቶች አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያንቀጠቅጡ ለተሰማው ሁሉ ይህ የወረቀት ክርክር አይመስለኝም።

ቁጥሩ አፈሩን ሳይሆን አጋጣሚውን የሚናገርበት ሌላም ጊዜ አለ። አንዲት ጠጠር በቱቦው አፍ ላይ ከተወተፈች ቱቦው አፈሩን መቁረጡን ትቶ ጠጠሯን እየገፋ ይሄዳል፤ ኤን በድንገት ይጨምራል፤ መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ ያገኘ ይመስለዋል። በተቃራኒው ከውሃ ወለል በታች ባለ አሸዋ ውስጥ ሲቆፈር፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከውጭው ዝቅ ካለ አሸዋው ከታች እየፈላ ይገባል፤ ያን ጊዜ ደህና የነበረው አሸዋ 3 ወይም 4 ተብሎ ይመዘገባል። ጥሩ መዝጋቢ እነዚህን ሁሉ በጎን ባለው የማስታወሻ አምድ ላይ ይጽፋል፦ "ቱቦው በድንጋይ ተዘጋ"፣ "አሸዋ 40 ሴ.ሜ. ወደ ጉድጓዱ ገባ"፣ "ውሃ ጠፋ"። ከቁጥሮቹ ይልቅ ያ አምድ ባዶ መሆን አለመሆኑ ስለ ሥራው ጥራት ብዙ ይነግራል። 20 ሜትር ተቆፍሮ አንድም ማስታወሻ የሌለበት መዝገብ ሲገጥም መጠርጠር ተገቢ ነው፤ መሬት እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቆፈርም።

ለአዲስ አበባ ግን ከሁሉ የሚብሰው ወጥመድ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በዚህ ዓይነት አፈር የተሸፈነ ነው፤ ከቦሌ ጀምሮ ወደ አቃቂ ቃሊቲ የሚወርደው የከተማዋ ደቡባዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍልም በስፋት ያውቀዋል። አርሶ አደሩ ጠባዩን ከማንም በፊት ለይቶታል፤ በክረምት ያጣብቃል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ በውስጡ ያሉት ስሜክታይት የሚባሉ የሸክላ ማዕድናት ናቸው፤ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲያጡ ይኮማተራሉ። አሁን በየካቲት ወይም በመጋቢት የተቆፈረ ጉድጓድ እናስብ። ደርቆ የከረመው ሸክላ መዶሻውን ይመክታል፤ ኤን 25 ይወጣል፤ መዝገቡ ላይ "በጣም ጠንካራ ሸክላ" ተብሎ ይጻፋል። ይህ በዚያ ቀን ስለ ነበረው አፈር እውነት ነው። በነሐሴ ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ቁጥሩ ምናልባት ግማሹ ላይ ይወርዳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ኤን ስለ ማበጥ ምንም የማይናገር መሆኑ ነው። ማበጥን የሚናገሩት በላቦራቶሪ የሚወጡት የፈሳሽነት ወሰን፣ የፕላስቲሲቲ (አፈሩ ርሶ እንደ ሊጥ የመታሸቱ) መጠንና የማበጥ ሙከራዎች ናቸው፤ እነርሱም በመዝገቡ ቀኝ ጠርዝ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራሉ። "ጠንካራ" የሚለው ቃል የአንድ ሳምንት ሁኔታ ነው፤ "ከፍተኛ ፕላስቲሲቲ ያለው" የሚለው የዓመታት ጠባይ ነው። ከባድ ፎቅ የአፈሩን ማበጥ በክብደቱ ሊጫነው ይችል ይሆናል፤ በቀላል መሠረት ላይ የተቀመጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ወይም የግቢ አጥር ግን ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። "ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የአፈር ምርመራ አያስፈልገውም" የሚለው የተለመደ አስተያየት በዋልካ ላይ የተገላቢጦሽ የሆነው ለዚህ ነው።

ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ወይም ከጥቁሩ አፈር ሥር ወዳለው ድንጋይ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ንባብ ይጠብቀናል። የከተማዋ አለት ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ ባዛልት፣ ትራካይት፣ ኢግኒምብራይት እና የአመድ ድንጋይ እየተደራረቡ ተኝተዋል። በአንድ ፍሰትና በሚቀጥለው ፍሰት መካከል ብዙ ዘመን አልፏል፤ በዚያ ዘመን የታችኛው ድንጋይ በስብሶ አፈር ሆኗል፤ ከዚያ አዲስ ላቫ መጥቶ ከድኖታል። ስለዚህ እዚህ አገር ጠንካራ ነገር ማግኘት የደካማው ነገር መጨረሻ ላይሆን ይችላል። በተጨማሪም ባዛልት ሲበሰብስ ከስንጥቁ ጀምሮ ስለሚበሰብስ፣ በመካከሉ ያልተበላሹ ክብ ክብ ቋጥኞች በአፈር ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። መሰርሰሪያው ከአንዱ ጋር ሲላተም 50 ምት ተመትቶ ቱቦው 15 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይገባም፤ መዝገቡም "አልገባም" ብሎ ይዘጋል። ያ ቋጥኝ ነው ወይስ አለት? በመዶሻ አይታወቅም። የሚታወቀው በአልማዝ መቁረጫ ድንጋዩን እየቆረጡ በመቀጠል ነው፤ በተለመደው አሠራር ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ሳይቋረጥ አለት ካልወጣ አለት ተገኘ አይባልም። "8 ሜትር ላይ አለት ተገኘ" ብሎ እዚያው ያቆመ መዝገብ ማስረጃው ያልተሟላ ነው፤ ይህን ለማለት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ከአለት የሚወጣው ረጅም ሲሊንደር ኮር ይባላል፤ በሳጥን ተደርድሮ ፎቶ ይነሣል። መዝገቡ ሁለት መቶኛዎችን ይይዛል። አንደኛው ከተቆረጠው ርዝመት ስንቱ እንደ ወጣ ይናገራል፤ ሁለተኛው አር.ኪው.ዲ. የሚባለው በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ዶን ዲር ያስተዋወቁት መለኪያ ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁርጥራጮች ብቻ ተደምረው ለጠቅላላው ርዝመት ይካፈላሉ። ከ25 በመቶ በታች እጅግ ደካማ፣ ከ90 በላይ እጅግ ጥሩ ይባላል። አሁን 1.5 ሜትር ተቆርጦ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወጣ እንበል። መዝገቡ "60 በመቶ" ይላል፤ የተገለጸው ድንጋይም "ጠንካራ፣ ግራጫ ባዛልት" ነው። ገለጻው የወጣውን ድንጋይ ይገልጻል። ያልወጣው 60 ሴንቲ ሜትር የት ሄደ? አብዛኛውን ጊዜ በመቆፈሪያው ውሃ የታጠበ ለስላሳ ነገር ነው፤ የበሰበሰ አመድ ድንጋይ፣ ከሁለት ፍሰት መካከል የቀረ ጥንታዊ አፈር፣ በሸክላ የተሞላ ስንጥቅ። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ከማድነቅ በፊት ክፍት ቦታውን መጠየቅ ይገባል፤ ሕንፃውን የሚያሰምጠው በሳጥኑ ውስጥ የሌለው ክፍል ነውና። በእርግጥ ናሙና የሚጠፋው በመጥፎ መቁረጫ ወይም በቸኮለ ቆፋሪ ምክንያትም ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ጥያቄውን ያባብሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ መልሱም እዚያው ጎን ሌላ ጉድጓድ በጥንቃቄ መቆፈር ነው።

ስለ ውሃ አጭር ነገር ብቻ ልበል። በመዝገቡ ላይ የተሣለችው የውሃ ምልክት ቀን ካልተጻፈባት ዋጋ የላትም። አለት የሚቆረጠው ውሃ እየተጨመረ ስለሆነ ቁፋሮው እንዳለቀ የሚለካው ውሃ የቆፋሪው ውሃ ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ሲቻልም ቱቦ ተትቶ በየወሩ መለካት አለበት። በግንቦት "ውሃ አልተገኘም" የተባለበት ምድር ቤት በመስከረም ኩሬ ሲሆን መዝገቡን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ጥልቀትም እንዲሁ መነሻ ያስፈልገዋል፤ "3 ሜትር" የሚለው የሚቆጠረው በቁፋሮው ቀን ከነበረው የመሬት ገጽ ነው። ተዳፋቱ ከዚያ በኋላ ተቆርጦ ወይም ተሞልቶ ከሆነና የመነሻው ከፍታ ካልተመዘገበ፣ መሠረቱ ከታሰበው ንጣፍ ሌላ ላይ ያርፋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ አንድ ጉድጓድ ነው። ዋናው ችግር ግን በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ነው። 20 በ25 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ጉድጓዶች ተቆፈሩ እንበል። ሦስቱ ተደምረው ከቦታው ስፋት ከ21 ሺህ አንድ እጅ አይሞሉም። የጤፍ ነጋዴ ጆንያውን ውስጡ ክፍት በሆነ ዘንግ ወግቶ እህሉን ቢያይ ጆንያው በሙሉ ከአንድ አውድማ የመጣ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል፤ መሬት ግን ከብዙ አውድማ የተቀላቀለ ነው። በጉድጓድ አንድና በጉድጓድ ሁለት መካከል በሪፖርቱ ላይ የተሠመረው ለስላሳ መስመር የተገኘ ነገር አይደለም፤ የታሰበ ነው። በጉድጓዱ ውስጥም ቢሆን ናሙና በተለምዶ በየ1.5 ሜትሩ ስለሚወሰድ፣ በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው የንጣፍ ድንበር ከቆፋሪው ስሜትና ከወጣው ቁርጥራጭ የተገመተ ነው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ደካማ ንጣፍ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ቴርዛጊ በ1929 ስለ ግድቦች ደኅንነት ባሳተሙት ጽሑፍ ጥቃቅን የሚመስሉ የሥነ ምድር ዝርዝሮች የግድብን ዕጣ እንደሚወስኑ ያስረዱት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። መዝገቡ ይህን ያህል የሚያሳስት ከሆነ፣ ለምን ገንዘብ ይወጣበታል? መሬቱ ለማንኛውም አይታወቅም፤ በጥንቃቄ ትልቅ መሠረት ሠርቶ መገላገል አይሻልም? የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው፤ መሐንዲሶችም ለመሸከም አቅም በተለምዶ ሦስት እጥፍ የደኅንነት ህዳግ የሚይዙት መሬት በደንብ እንደማይታወቅ ስለሚያውቁ ነው። ህዳጉ የሚሸፍነው ግን የታወቀ አፈር ጥንካሬ ከፍና ዝቅ ማለቱን ነው። ያልታየ ንጣፍን፣ ማበጥን፣ በዓመታት የሚመጣ ቀስ ያለ መስመጥን አይሸፍንም። ዋልካ ላይ ሰፊ መሠረት መጣል ጫናውን ስለሚያሳንሰው የማበጡን ኃይል እንዲያውም ነፃ ያወጣዋል። የመዝገቡ ድካም የሚታየው በትክክል ስለ ተመዘገበ ነው፤ "60 በመቶ ወጣ" የሚለው ቁጥር የማያውቁትን ቦታ በጥልቀትና በርዝመት ለይቶ ያሳያል። የት እንደማያውቅ የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን ጉድጓድ የት እንደሚቆፍር ያውቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጎረቤት የሚመጣ ነው፦ "አጠገባችን ያለው ሕንፃ አሥር ዓመት ቆሟል፤ መሬቱ ያው ነው።" የጎረቤት ሕንፃ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ይሁንና እንደ ሌላው ማስረጃ መነበብ አለበት። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ በየአምዱ ሥር ባለ ጠባብ መሠረት (ፉቲንግ) የሚጫነው የላይኛዎቹን ጥቂት ሜትሮች ነው። ባለ 15 ፎቁ በአንድ ወጥ መሠረት ሲያርፍ ጎረቤቱ ጨርሶ ያልነካውን ጥልቀት ይቀሰቅሳል። የአውሮፓው ደንብ ለፎቆች የምርመራ ነጥቦችን ከ15 እስከ 40 ሜትር ባለ ርቀት እንዲደረደሩ፣ ጥልቀቱም ለአንድ ወጥ መሠረት ቢያንስ የወርዱን አንድ ጊዜ ተኩል እንዲሆን የሚመክረው ለዚህ ነው። 20 ሜትር ወርድ ላለው ሕንፃ 30 ሜትር ማለት ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሚሌኒየም ታወር የቅርብ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ይህ ባለ 58 ፎቅ ሕንፃ ወደ መሬት በወረዱ ከ900 በሚበልጡ ምሰሶዎች (ፓይሎች) ላይ ቆሟል፤ ፓይሎቹ ያረፉት ጥቅጥቅ ባለ አሸዋ ላይ ሲሆን ከአሸዋው ሥር ጥንታዊ የባሕር ሸክላ፣ ከዚያም በጣም ጠልቆ አለት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንፃው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመጡና ማዘንበሉ በይፋ ታወቀ፤ አጠገቡ የተካሄደው ቁፋሮ ድርሻም ብዙ አከራከረ። ማስተካከያው እስከ አለት የሚወርዱ ተጨማሪ ፓይሎችን መትከል ሆነ። ሸክላው በከተማዋ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ መሐንዲሶች ለአሥርት ዓመታት ያውቁታል። ከባዱ ነገር በመዝገብ ላይ ያለ ንጣፍ በዚያ ክብደት ሥር በ20 እና በ30 ዓመት ምን እንደሚሆን መፍረድ ነው። ከትራንስኮና ወዲህ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል፤ ጠንካራው በደካማው ላይ ተኝቶ የማታለሉ ነገር ግን አልተለወጠም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚያመዝነው በኪስ ነው። ተጨማሪ ጉድጓድ ወጪ ነው፤ ጊዜም ይወስዳል። እውነት ነው። ቢሆንም በብዙ አገሮች ልምድ የአፈር ምርመራ ወጪ ከጠቅላላው የግንባታ ዋጋ አንድ በመቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም፤ ከተሠራ በኋላ መሠረት መጠገን ደግሞ ከሥራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ሰው በሚኖርበት ቤት ሥር መቆፈር ያስፈልጋልና። ዋጋን ብቻ አይቶ የመረጠ ባለቤት ምን እንደሚያጣም ማወቅ አለበት። ተወዳዳሪዎች በሜትር ዋጋ ሲጨራረሱ የሚቀነሰው ሜትሩ አይደለም፤ ውሉ ላይ ተጽፏል። የሚቀነሰው ቦታው ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚመዘግበው የሠለጠነ ሰው ነው። ያን ጊዜ መዝገቡ በቢሮ ከቆፋሪው ወሬ ይጻፋል፤ የማስታወሻው አምድ ባዶ ይሆናል፤ የመጨረሻዋ የኪሎ ፓስካል ቁጥር ግን እንደ ወትሮው ቀጥ ብላ ትቀመጣለች።

"ይህ የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ምን አገባው?" ለሚለው፣ ፍርዱ በእርግጥ የመሐንዲሱ ነው፤ ጥያቄው ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ቦታው ላይ በእጅ የተጻፈው ዋናው መዝገብ የት አለ? በኋላ ከታተመው ጋር ይስማማል? መዶሻው ምን ዓይነት ነበር? ውሃው ስንት ቀን ቆይቶ ተለካ? ያልወጣው ኮር ስለ ምን ይታሰባል? የኮሩ ሳጥኖች ፎቶ አለ? በጥሩ ሪፖርት የተገኘው ነገርና የታሰበው ነገር ተለይተው ይቀመጣሉ፤ አንባቢ ማስረጃውን ከአስተያየቱ ለይቶ እንዲያይ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ባለሙያ አይቆጣም፤ ሥራውን በአግባቡ የሠራ ሰው የሚጠይቀው ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ለመሠረት ሥራ ጉድጓዱ ሲከፈትም መዝገቡ ጎን ለጎን መያዝ አለበት። 21 ሺህ እጅ ያልታየው መሬት የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ በመዝገቡ "ቡናማ የበሰበሰ ባዛልት" በተባለበት ጥልቀት ጥቁር ሸክላ ከታየ፣ ኮንክሪት ከመሙላት በፊት ሥራውን አቁሞ መሐንዲሱን መጥራት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከግለሰብ ባለቤት አቅም በላይ ነው። የብሪታንያ የሥነ ምድር ተቋም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የቁፋሮ መዝገቦችን ሰብስቦ አብዛኞቹን ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት በመንገዱ ላይ ቀድመው የተቆፈሩትን ያነባል። በከተሞቻችን ለፈቃድ ሲባል በየዓመቱ የሚገቡት ሪፖርቶች ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በየፋይሉ ይተኛሉ፤ አጠገቡ የሚሠራው ሰውም ከዜሮ ይጀምራል። እነዚህን ለመሰብሰብ አዲስ ቁፋሮ አያስፈልግም። ሪፖርቱ ሲገባ የእያንዳንዱ ጉድጓድ መገኛ ነጥብና የመሬት ከፍታ፣ ቀን፣ የመዶሻ ዓይነት፣ የውሃ ልኬትና የኮር ፎቶ በአንድ ወጥ ቅጽ እንዲቀርብ ማድረግ ይበቃል። ያኔ ዋልካው የት እንደሚወፍር፣ ከባዛልቱ ሥር የተኛው የበሰበሰ ንጣፍ ከየትኛው ሰፈር እስከ የትኛው እንደሚዘልቅ ካርታ ይወጣለታል፤ ለአንድ ቤት ሦስት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ባለቤትም የሦስቱን ቦታ በግምት መምረጡ ይቀርለታል።